ከበር ሲገባ በስተቀኝ ያለው ዝግባ

ሰኞ 3

ፈቃዴ ተመለሰልኝ። ስድስት ወር ሙሉ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት የከረመው የዛፍ ቆራጭነት ካርዴ ዛሬ ጠዋት እጄ ገባ። ካርዱ ላይ ያለው ፎቶዬ እንኳ ደስ ያለው መሰለኝ። ተቆጣጣሪዋን ግን ደስ አላላትም። ልጅ እግር ናት፣ ገና ሠላሳ አልሞላትም፣ ፈገግታዋን ግን ለጡረታ ያስቀመጠች ትመስላለች። "እትዬ፣ ሁለተኛ ያለ ፈቃድ ዛፍ ቢነኩ ካርዱ የሚቀረው ለዘለዓለም ነው" አለችኝ። "ምን ቆርጦኝ" አልኳት።

ደረጃውን ሳልጨርስ ለድመቱ ደወልኩለት። ድመቱ ዛፍ ላይ የሚወጣልኝ ሠራተኛዬ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ ከላይ የወደቀበት ነገር ቢኖር ቆቡ ብቻ ነው። "አለቃ፣ መጋዙን ልሳለው?" አለኝ። "ሳለው" አልኩት። ድምፁ ውስጥ ያለውን ደስታ ስሰማ ሆዴ ባባ። እሱም፣ ሌሎቹ ሁለቱም፣ ስድስቱን ወር በሰው ግቢ ሣር ሲያጭዱ ነው የከረሙት። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ዳግመኛ እንዳልሳሳት ነው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ይለይለት፤ ካርዴን ያስቀማኝን ዛፍ የቆረጥኩት ደንበኛው ፈቃድ አለኝ ብሎ ስለዋሸኝ ነው። በቃ።

ማክሰኞ 4

ታላቅ ወንድሜ ደወለ። እንኳን ደስ ያለሽ የለ፣ ምን የለ። "ካርድሽን ሰጡሽ አሉ። እንግዲያው ነይና የእማዬን ዛፍ አንሺልን።"

ከሥራ በኋላ ሄድኩ። እማዬ ብቻዋን የምትኖርበት ቤት ፊቱን ለአስፋልቱ የሰጠ ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ የኋላውን አጥር ተጠግተው፣ ሁለት ትልልቅ ዝግባዎች አሉ። መሀላቸው መኪና ያሳልፋል። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ እንደዚሁ ናቸው፣ ቁመታቸውም ውፍረታቸውም አንድ ነው። ከበሩ ስገባ በግራዬ ያለው ቀጥ ያለ ጤነኛ ነው። የቀኙ ግን በእማዬ መኝታ ቤት ጣሪያ ላይ አዘንብሏል፣ ሥሩ ላይ ሳህን የሚያክል እንጉዳይ አብቅሏል። በመዶሻ ጀርባ ግንዱን መታ መታ ሳደርገው እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። ውስጡ በስብሷል። ዝናቡና ነፋሱ ሊገባ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ከዚያ በኋላ ለዚህ ዛፍ ዋስ አልሆንም።

"እማዬ፣ ለጊዜው ፊት ለፊት ባለው ክፍል ብትተኚስ?"

"እዚያ የመኪና ድምፅ አለ።"

"እዚህ ደግሞ ዛፍ አለ።"

"ዛፉ ዝም ይላል" አለች። ከእማዬ ጋር መከራከር ልብስ ለብሶ መዋኘት ነው።

ወንድሜ "ነገ በጠዋት ቁረጪው" አለኝ። መጀመሪያ የሚጠበቁ ዛፎችን መዝገብ ማየት እንዳለብኝ ነገርኩት። እዚያ የሰፈረ ዛፍ ዝም ብሎ አይቆረጥም። "የገዛ እናትሽ ግቢ እኮ ነው" አለ። ያኛውም የአንድ ሰው ግቢ ነበር ልለው ነበር፣ ተውኩት።

ሐሙስ 6

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፣ የወረቀትና የእርጥብ ግድግዳ ሽታ አለው። መዝገብ ያዡ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ ኮሌታው በደንብ የተተኮሰ ነው። ወንበር አመጣልኝ። ከአርባ ዓመት በፊት አንድ ቆጣሪ ቤት ለቤት እየዞረ በእጁ የሞላውን ትልቅ መዝገብ አወጣና ጣቱን ቁልቁል እያስኬደ የእማዬን ግቢ አገኘልኝ። ቃል በቃል ገለበጥኩት፤

"ሁለት ዝግባ። ከበር ሲገባ በስተቀኝ ያለው የሚጠበቅ። በስተግራ ያለው አይመለከተውም።"

ቀኙ። የበሰበሰው።

"ካርታ ነገር አብሮት የለም?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ያን ጊዜ ቆጣሪዎቹ ካርታ አያነሱም ነበር። በቃላት ነው የሚጽፉት" አለ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል።

ስወጣ ተነስቶ በሩን ከፈተልኝ። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

አርብ 7

ለወንድሜ ነገርኩት። "ማን ጠይቂ አለሽ?" አለ። ሦስት ጊዜ። ማን ጠይቂ አለሽ። ስልኩን ዘጋሁበት። መልሼ ደውዬ ስለዘጋሁበት ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱ ዘጋብኝ።

እሑድ 9

ወንድሜ እቤቴ ድረስ መጣ። መካኒክ ነው፣ እጁ ከግራሶ ጸድቶ አያውቅም፣ ዛሬ ግን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነው የመጣው። ስለዚህ ልመና እንደሆነ ገባኝ።

"እሑድ እሑድ ቢሮ ዝግ ነው" አለ።

"እና?"

"በሚመጣው እሑድ ብትቆርጪው ማን ያያል? ሰኞ ሲመጡ ዛፉ የለም። ነፋስ ጣለው እንላለን።"

"ነፋስ በመጋዝ አይቆርጥም ጋሼ።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ማታ ማታ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ያ ዛፍ የወደቀ ይመስለኛል። እዚያ ማዶ ተኝቼ እየሰማሁ ነው የማድረው" አለ። ቤቱ ከእማዬ ቤት አንድ መንገድ ዘሎ ነው። እኔም እንደዚያው እንደሆንኩ ብነግረው መጋዙን አንስተን እንደምንሄድ አውቃለሁ።

እሺ ብል ኖሮ። አላልኩም። ግን አንድ ደቂቃ ያህል ልል ነበር፣ ይህም ይጻፍ።

ማክሰኞ 11

ተቆጣጣሪዋ መጣች። ግንዱን መታችው፣ እንጉዳዩን በብዕሯ ጫፍ ወጋችው፣ ጣሪያውን አየች። "በስብሷል፣ ልክ ነዎት" አለች። ልቤ ሊበር ሲል፣ "ግን የሚጠበቅ ዛፍ የሚነሳው በኮሚቴ ውሳኔ ነው" ስትል ተመልሶ ተቀመጠ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

"ነፋሱ ከኮሚቴው በፊት ነው የሚሰበሰበው" አልኳት።

"አውቃለሁ እትዬ። ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም።"

እስከዚያ በሽቦ ገመድ አስሮ መወጠር ይቻላል አለች። ከሰዓት በኋላ ከድመቱ ጋር አሰርነው። ድመቱ ከላይ ሆኖ፣ "አለቃ፣ ይሄ ገመድ ለኛ ልብ ነው እንጂ ለዛፉ አይመስለኝም" አለኝ። ሥራህን ሥራ አልኩት። እውነቱን ነው ግን።

አርብ 14

ዛሬ ወንድሜ የእማዬን አልጋ ፈትቶ ወደ ፊተኛው ክፍል አዛወረው። እማዬ "እግዜር ይስጥህ" ብላ ሸኘችው። ማታ ስደውልላት ፍራሹን ጎትታ ተመልሳ ነበር። መሬት ላይ ተኝታለች፣ ከበሰበሰው ዛፍ ሥር፣ በሰባ ስድስት ዓመቷ። ወንድሜ አልጋውን መልሶ ሊገጥምላት ሄደ። ብሎን እያጠበቀ ሲራገም በስልኩ ይሰማኛል፣ እማዬ ደግሞ "ግራው እግር ይወዛወዛል" ትለዋለች።

ሳሙና ልገዛ ስሄድ ከሰፈሩ ሱቅ በር ላይ ባለሱቋና አንዲት ሴት ሲያወሩ ሰማሁ። "የገዛ እናቷን ዛፍ መቁረጥ ያቃታት ዛፍ ቆራጭ" አለች ባለሱቋ። ሳሙናዬን ሳልገዛ ወጣሁ።

ሰኞ 17

በሌላ ሰው ግቢ አንድ የደረቀ ጥድ አነሳን። ከመጀመራችን በፊት ባለቤቱን ወረቀት አምጣ አልኩት፣ አነበብኩት፣ ማኅተሙን አየሁት፣ መዝገብ ቤት ደውዬም አረጋገጥኩ። (መዝገብ ያዡ በድምፄ አወቀኝ።) ድመቱ ቀበቶውን እያጠበቀ፣ "አለቃ፣ ያኔም እንዲህ አድርገን ቢሆን..." አለና አፉን ያዘ።

ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። አሁን ልጻፈው።

ደንበኛው አልዋሸኝም። "ፈቃድ አለኝ" አላለም። "ችግር የለውም" ነው ያለው። ድመቱ "ወረቀቱን እንየው" ብሎኝ ነበር። እኔ ግን "አንተ ዛፍህ ላይ ውጣ፣ ወረቀቱን ለእኔ ተወው" አልኩት፣ በሰው ፊት። ምክንያቱም ሰውዬው "በከተማው እንደ አንቺ ያለ ባለሙያ የለም" ብሎኝ ነበርና ያን ሰዓት ጥርጣሬ የሚባል ነገር የሚያሳንሰኝ መሰለኝ። ሦስት ሰው ለስድስት ወር ሣር ያጨደው ለዚህ ነው። ከኔ ሌላ ያጠፋ የለም።

ጻፍኩት። ደብተሩ አልተቀደደም፣ እኔም አልሞትኩም።

ረቡዕ 19

ወንድሜ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ፣ እውነት ለመናገር መጥፎ አይደለም። ቀኙ የማይነካ ከሆነ ግራው ይቆረጥና በቦታው ለእማዬ አዲስ ክፍል ይሠራላታል። ከአስፋልቱ የራቀ፣ የበሰበሰው ዛፍ ካዘነበለበት የራቀ። ከዝናቡ በፊት ለመድረስ ጡብ የሚያውሱት ጓደኞች እንኳ አግኝቷል። "ግራው አይመለከተውም ብሎ የለ መዝገብሽ?" አለኝ። መዝገብሽ አለው፣ እኔ የወለድኩት ይመስል።

ጤነኛውን ቆርጦ የታመመውን ማቆየት። እጄ አይወደውም። ግን እማዬ አለች።

ሐሙስ 20

አመለከትኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወጣ። ማኅተም፣ ፊርማ፣ ቀን። "በስተግራ ያለው ዝግባ እንዲነሳ ተፈቅዷል።" መዝገብ ያዡ ወረቀቱን ሲሰጠኝ "ደስ ያለዎት አይመስሉም" አለኝ። ሰማያዊ ሸሚዝ ነበር የለበሰው። ቅዳሜ እንቆርጣለን።

ቅዳሜ 22

በጠዋቱ ደረስን። ወንድሜ የመሠረቱን መስመር በኖራ አስምሮ ጨርሷል። እማዬ በርጩማዋን አውጥታ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ እንደ ዳኛ። ድመቱ ቀበቶውን ታጥቋል።

እኔ ብረት ጠቋሚዬን አወጣሁ። ከዓመታት በፊት ግንድ ውስጥ የተቀበረ ሚስማር የመጋዜን ሰንሰለት በጥሶት በድመቱ ጆሮ ሥር አልፏል። ከዚያ ወዲህ ያቺን ትንሽ መሣሪያ ሳላዞር ግንድ አልነካም። ዛፍ ብረት ይውጣል። የመታህበት ላይ ልጡ ይገጥማል፣ በላዩ ይወፍራል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። መሣሪያዋ ግን ብረት ስታገኝ ታፏጫለች።

ከጉልበቴ ከፍ ብሎ አፏጨች። በኖራ ምልክት አደረግኩ። ወደ ላይ ሄድኩ፣ ዝም፣ ዝም፣ ከዚያ ግንባሬ ትይዩ ላይ እንደገና አፏጨች። ምልክት። ዞር ዞር አልኩ፣ ሌላ የትም የለም። ሁለት ቦታ ብቻ፣ አንዱ ከአንዱ ትክክል በላይ፣ ሁለቱም ወደዚያኛው ዝግባ ፊታቸውን ባዞሩበት ጎን። በሜትር ለካሁት። መቶ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር።

ሚስማር እንዲህ ተሰልፎ አይመታም። ማጠፊያ ነው እንዲህ የሚመታው።

"እማዬ፣ እዚህ ዛፍ ላይ ምን ነበር የተሰቀለው?"

"በሩ ነዋ።"

"የቱ በር?"

"በራችን። አስፋልቱ ሳይመጣ መንገዳችን በኋላ በኩል አልነበር እንዴ? አባትሽ ለምሰሶ የሚሆን እንጨት ሲያጣ ከዛፉ ላይ አንጠለጠለው። አንቺ ያኔ ገና አንድ ዓመትሽ ነው።"

ተነስቼ ሄጄ ጀርባዬን ለኋላው አጥር ሰጥቼ፣ ፊቴን ወደ ቤቱ አዞርኩ። ከአርባ ዓመት በፊት ያ ቆጣሪ መዝገቡን በብብቱ ይዞ እንደገባው ማለት ነው። ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። ልቆርጠው የመጣሁትን ጤነኛውን ዛፍ ነካሁ። የሚጠበቀው እሱ ነው። እማዬ ላይ ያዘነበለው ግራ ነው፣ አይመለከተውም።

እዚያው ቁጭ አልኩ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"መቼ ጠየቃችሁኝ? እናንተ የምትጠይቁኝ መድኃኒት ዋጥሽ ወይ ብቻ ነው።"

ጡብ ሊያመጣ ሄዶ የነበረው ወንድሜ ሲመለስ መጋዙ ወደ መኪናው ተመልሶ ነበር። ነገርኩት። የሰማኝ አይመስለኝም። "ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘሽ ትቆሚያለሽ?" አለ። "ማኅተሙ የተመታው በተሳሳተው ዛፍ ላይ ነው" አልኩት። "ወረቀት ሲጠፋ ወረቀት የለም ብለሽ ትቆሚያለሽ፣ ወረቀት ሲመጣ ወረቀቱ ተሳሳተ ትያለሽ። አንቺ በቃ መቁረጥ ፈርተሻል።"

ይህች ቃል ወጋችኝ። ምክንያቱም ግማሿ እውነት ናት። ብቆርጠው ደግሞ ማንም አይጠይቀኝም ነበር፣ ወረቀቱ ይሸፍነኝ ነበር። ስድስት ወር ካርዴን የቀሙኝ ሰዎች ራሳቸው ፈርመውበታል። ድመቱ ግን ቀበቶውን እየፈታ፣ ለወንድሜ፣ "አልፈራችም ጋሼ። አይታ ነው" አለው። እኔ ሌላ አልጨመርኩም።

ሰኞ 24

ፈቃዱን መለስኩ። መዝገብ ያዡ መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። "ፈቃድ ተከለከልኩ ብሎ የሚመጣ ነው የማውቀው። የተሰጠውን ፈቃድ የመለሰ ሰው እዚህ ቤት አይቼ አላውቅም" አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ተቆጣጣሪዋ ግን እጇን አጣጥፋ ሰማችኝና፣ "የእናትዎ ቃል ብቻ ነው ያለዎት" አለች። በሩ በኋላ በኩል እንደነበር፣ ብረቱም የዚያ በር እንደሆነ ማስረጃ ትፈልጋለች። መብቷ ነው። እኔም ብሆን ለአንድ ደንበኛ ቃል አምኜ አይደል የተቃጠልኩት? ይህን ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። "እስከ አርብ ካመጡ ራሴ መጥቼ እለካለሁ" አለች።

ረቡዕ 26

ፎቶ የለም። የእማዬን ሻንጣ በሙሉ ገለበጥኩት። የሠርግ ፎቶ፣ የኔ የጥርስ አልባ ፎቶ፣ የወንድሜ የእግር ኳስ ፎቶ። በሩ አጠገብ ቆሞ የተነሳ አንድ ሰው የለም። ሰው በበሩ ይገባል ይወጣል እንጂ በሩን ፎቶ አያነሳም።

ዛሬ ነፋስ ነበር። ትንሽ። የሽቦ ገመዱ ሲንጫጫ ሰማሁት። እማዬ ሬዲዮዋን ከፍ አደረገች።

ሐሙስ 27

ወንድሜ ደወለ። ከቅዳሜ ወዲህ አልተነጋገርንም። ሰላምታ የለም። "ስንት ነበር ያልሽው በሁለቱ ብረት መሀል?"

"መቶ አሥራ ሁለት።"

የመኪና መፍቻ ከሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ። "ነይ" አለ።

ጋራዡ ውስጥ፣ መኪና ከሥር የሚሠራበት ጉድጓድ ላይ የሚከድነው ትልቅ የብረት ክዳን አለ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እዚያ ነው፣ ወንድሜ በየቀኑ ይረግጠዋል፣ እኔም ስንት ጊዜ ዘልዬዋለሁ። ዛሬ ገልብጦታል። ጠርዙ ላይ ሁለት የተገነጠሉ የማጠፊያ ቁራጮች አሉ። ሜትሩን ሦስት ጊዜ ዘረጋው፣ ሦስት ጊዜም መቶ አሥራ ሁለት። የአባታችን በር ነው።

"ሃያ ዓመት ሙሉ ስረግጠው" አለ። ከዚያ እንደ ትንሽ ልጅ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሁለታችንም ግራሶ በግራሶ ሆነን፣ አንድ የዛገ በር ላይ ተንበርክከን፣ ዓይናችን እስኪያለቅስ ሳቅን። ከየት እንደመጣ ትዝ ያለው ትናንት ማታ ነው፤ ሳይተኛ እያሰበ። እንግዲህ ሰምቶኝ ኖሯል።

አርብ 28

በሩን በመኪና ጭነን ወሰድነው። ወንድሜና ድመቱ አቁመው ያዙት፣ ተቆጣጣሪዋ የራሷን ሜትር አወጣች። የታችኛው ማጠፊያ ከታችኛው ምልክት፣ የላይኛው ከላይኛው። ገጠመ። ወንድሜ "በአርባ ዓመት ዛፉ ሲያድግ ብረቱ ከፍ አይልም ነበር?" ብሎ ሊያጠፋኝ ነበር፣ እሷ ራሷ መለሰችለት፤ "ዛፍ ቁመት የሚጨምረው ከጫፉ ነው። ግንዱ ላይ የተመታ ብረት እዚያው ከፍታው ላይ ነው የሚኖረው።"

"በሩ ግን መዝገቡ ሲጻፍ በዚህ በኩል እንደነበር በምን ላውቅ?" አለች።

መዝገብ ያዡ ከኋላዋ አንድ ፋይል ይዞ ቆሟል። ማንም ና አላለውም። የአስፋልቱን መንገድ ፋይል ፈልጎ አውጥቷል። መንገዱ የተሠራው መዝገቡ ከተጻፈ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በቤቱ ፊት ለፊት የነበረው ቦይ ነው፣ በር ሊኖርበት አይችልም። "ሁለት ምሽት ፈጀብኝ" አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለፋይሉ እንደሚናገር ሁሉ።

ተቆጣጣሪዋ አነበበች። ብዕሯን አወጣች። ከዚያ፣ እማኞች አሉኝ፣ ፈገግ አለች። ጥርሷ ያምራል።

ማክሰኞ 2

መዝገቡ ታረመ። ከአሮጌው ጽሑፍ ሥር በቀይ ቀለም፦ "በሩ የኋላው በር ነው። የሚጠበቀው የማጠፊያ ብረት ያለበት ዝግባ ነው።" ከሥሩ "ያረጋገጠችው" ይላልና የኔ ፊርማ አለ። የኔ። ካርዷን የተነጠቀችዋ።

የበሰበሰው እንዲነሳ የሚፈቅደው ወረቀትም ወጣ። ተቆጣጣሪዋ ስትሰጠኝ፣ መዝገቡ ውስጥ "ከበር ሲገባ" የሚል ሌላ አርባ ሦስት ግቢ እንዳለና ስንቱ በሩን እንዳዞረ ማንም እንደማያውቅ ነገረችኝ። ከዝናቡ በኋላ አብሬያት እየዞርኩ በሮቹን እንድፈትሽላት ጠየቀችኝ። አስቤበት እነግርሻለሁ አልኳት። ኮሪደሩ መጨረሻ ሳልደርስ ተመልሼ እሺ አልኩ።

ሐሙስ 4

ወደቀ። አይ፣ አልወደቀም፣ አወረድነው። ልዩነቱ እንጀራችን ነው።

እማዬን ወንድሜ ቤት አስቀመጥናት። ድመቱ የሌሊቱ ጤዛ ሳይደርቅ ወጣ። ከጫፉ ጀምሮ ቁራጭ በቁራጭ፣ እያንዳንዱ በገመድ ታስሮ፣ በጣሪያው ላይ ተንሳፍፎ፣ ግቢው መሀል ቀስ ብሎ ያርፋል። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወደ እኩለ ቀን ግንዱ ብቻ ሲቀር ከፋፍለን አወረድነው። ውስጡን አየነው፤ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ገባበት። ዙሪያውን የያዘው እንደ መዳፍ የሳሳ እንጨት ብቻ ነበር። ድመቱ ውስጡን አይቶ ቆቡን አወለቀ። አንድ ወር ሙሉ እማዬ ከዚህ ሥር ነበር የተኛችው።

ከጣሪያው አንድ ቆርቆሮ አልተነካም። አንድ ሚስማር አልላላም። ሃያ ሁለት ዓመት ዛፍ ስቆርጥ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፣ ይህን እንዲህ በጉልህ እጽፈዋለሁ፤ ኩራት ከሆነም ኩራት ነው።

ከአጥሩ ማዶ ያቺ የሱቁ ሴት ቆማ ነበር። "ጎበዝ ናት እኮ" ስትል ሰማሁ። ነገ ሳሙናዬን ከሷ እገዛለሁ።

ወንድሜ ማታ ኖራውን በመጥረጊያ አጠፋው። አዲሱ ክፍል ቀረ። "ጤነኛው ዛፍ በቦታው ይሁን" አለ። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሄደ።

ሰኞ 8

ዝናቡ ገባ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረና ነፋሱ የመንገዱን ቆርቆሮ ሁሉ ማንኳኳት ጀመረ። ሥራ ላይ ነበርኩ። ውረድ ብዬ ድመቱን አወረድኩትና ምን እንደያዘኝ ሳላውቅ መኪናዬን አስነስቼ ወደ እማዬ ቤት በረርኩ። ዛፉ እንደሌለ አውቃለሁ። በገዛ እጄ ነው ያነሳሁት። ግን በረርኩ።

የወንድሜ መኪና በር ላይ ቆሟል። የሾፌሩ በር እንኳ አልተዘጋም፣ ዝናቡ ወንበሩን አጥቦታል።

ውስጥ ገባሁ። ወንድሜ እማዬ መኝታ ቤት መሀል ላይ ቆሟል፣ ከራሱ እስከ እግሩ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ጣሪያውን ያያል። እማዬ ተኝታለች። ነፋሱ ቤቱን ሲገፋው መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ውጪ ጤነኛው ዝግባ እየተወዛወዘ ያፏጫል፣ እሷ ግን ብርድ ልብሷን እስከ ጆሮዋ ስባ የከሰዓት በኋላ እንቅልፏን ትተኛለች። እኔና ወንድሜ ተያየን። በሹክሹክታ፣ "እንኳንም ጠየቅሽ" አለኝ።

አርባ ሁለት ዓመት ወንድሜ ሆኖ፣ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ብሎኝ አያውቅም።

እማዬ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "ወይ ተቀመጡ፣ ወይ ውጡ። ቆማችሁ አታንጠባጥቡብኝ" አለች።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥን፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ፣ ዝናቡ እስኪያባራ።